ከተማሪዎቻችን ጋር በዐጸዱ የዋልንበት ቀን

ከደብረ ታቦር ከተማ ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚመለከት መንገደኛ አስቀድሞ ዐይኑን የሚይዝለት የጉና ተራራ ነው። ይህ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚያልፍ ሲሆን፣ ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከእርሱ ተነሥተው የፎገራን ሜዳ እያጠጡ ጣና ሐይቅ ይገባሉ፤ ከጣናም የሚወጣው ዐባይ ነው። ስለዚህ በጉና ላይ የወደቀች አንዲት የዝናብ ጠብታ መንገዷ ረዥም፣ የምታያቸውም አገሮች ብዙ ናቸው።

መንገደኛው ዐይኑን ከተራራው ወደ ቅርብ የመለሰ እንደ ሆነ፣ በበጋ ወራት እህሉ ተሰብስቦ የተራቆተውን እርሻ፣ በየቤቱ ዙሪያ የተተከለውን ባሕር ዛፍ፣ በመካከሉም እዚህና እዚያ እንደ አረንጓዴ ሰፌድ ክብ ክብ ሆኖ የተቀመጠውን ጥቅጥቅ ያለ ደን ያያል። የአገሩ ሰው ይህን ሲያይ ማንንም አይጠይቅም፤ ቆም ብሎ ይሳለማል እንጂ። የአገር በቀል ዛፍ እንዲያ ተሰብስቦ የቆመበት ስፍራ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ያውቃልና። ጣራውና ጉልላቱ ከሩቅ አይታይም፤ አስቀድሞ የሚታየው ዐጸዱ ነው።

እኛም ፊደል የቈጠርነው፣ ዳዊትም የደገምነው እንዲህ ባለው ዐጸድ ውስጥ ከአንድ ወይራ ሥር ነው። የኔታ መቋሚያቸውን ከግንዱ አስደግፈው ይቀመጡ ነበር፤ እኛም በዙሪያቸው በሣር ላይ እንሰበሰብ ነበር። በኋላ ዲቁና ተቀብለን፣ ዘመናዊውን ትምህርት ተምረን፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣን ወዲህ ግን ሃያ ዓመት ያህል አማርኛ ስናስተምር ተማሪ አስከትለን ወደ ዛፍ ሥር የተመለስንበት ቀን አልነበረም። ዕውቀት ሁሉ በአራት ግድግዳ መካከልና በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያለ ይመስለን ነበር። ከዚህ አሳባችን የመለሰን አንድ ተማሪ ነውና፣ ነገሩን ከመጀመሪያው እንተርከዋለን።

በ2011 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ7ኛ ክፍል ተማሪዎቻችንን ስለ ደን ድርሰት እንዲጽፉ አዘዝናቸው። ተማሪዎቹ አርባ ሁለት ነበሩ። ድርሰቶቹን ሰብስበን ስናርም ከሞላ ጐደል ሁሉም ደን የአገር ሀብት መሆኑን በመናገር ይጀምራሉ፤ ከዚያም ደን ለአየር ንብረት፣ ለመድኃኒትና ለቱሪዝም እንደሚጠቅም በመማሪያ መጽሐፉ ቅደም ተከተል ይዘረዝራሉ። ሰዋስዉ የተስተካከለ፣ ጽሕፈቱም ያማረ ነበር። ነገር ግን ከአርባ ሁለቱ አንድም ልጅ የአንድ ዛፍ ስም አልጠራም። አንዱ ተማሪ ደግሞ ወረቀቱን ባዶውን መለሰ። እኛም በቀይ ቀለም ዜሮ ሰጠነው።

በዚያው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስንመለስ ያን ልጅ ከብት ሲነዳ በመንገድ አገኘነው። በእጁ ለይዞት የሚያምር ሽመል ይዞ ስለ ነበር፣ ነገር ለማንሣት ያህል የምን እንጨት እንደ ሆነ ጠየቅነው። ወይራ መሆኑን ነገረን። በዚያም አላበቃም፤ ከወይራ ጭስ ይልቅ የወተት ዕቃ የሚያሸት ሌላ እንጨት እንደሌለ፣ የብሳና ቅጠል በበጋ እንደ ብርቱካን እንደሚቀላ፣ የዋንዛ ፍሬ መቼ እንደሚበስል፣ ጉሬዛ የትኛውን ቅጠል እንደሚወድ፣ እንዶድ የት የት እንደሚበቅል እየተራመደ አጫወተን። እኛም ተገርመን፣

«ይህን ሁሉ እያወቅህ ስለ ምን በወረቀትህ ላይ አልጻፍኸውም?» አልነው።

ልጁም አቀርቅሮ፣ «መምህር፣ የጠየቁን ይህን አልመሰለኝም» አለን።

ይህች ቃል ሌሊቱን ሙሉ ስትመላለስብን አደረች። የገጠር ልጅ በየቀኑ የሚያየውንና የሚያውቀውን ከትምህርት ቤት በር ውጭ ትቶ መግባት እንዳለበት ያስተማርነው እኛ ነን ማለት ነውና። ልጁ በክፍሉ መጨረሻ ከሚወጡት አንዱ ነበር፤ አባቱም በሚቀጥለው ዓመት ከትምህርት አስወጥተው ለእርሻ ሊያውሉት ማሰባቸውን ሰምተናል።

በማግስቱ ነገሩን ለሥራ ባልደረቦቻችን አወጋናቸው። የሒሳብ፣ የጂኦግራፊ፣ የሥነ ሕይወት፣ የፊዚክስና የታሪክ መምህራን ከእኛ ጋር ስድስት ሆነን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥንና፣ ተማሪዎቹን ለአንድ ቀን ወደ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ለመውሰድ ተስማማን። የተስማማንበትም ሥርዐት ይህ ነው፤ ጒዞው ሽርሽር እንዳይሆን እያንዳንዱ መምህር ከዐጸዱ ብቻ መልስ ሊያገኝ የሚችል አንድ ጥያቄ ያዘጋጅ፤ ጥያቄውም በዓመቱ ትምህርት ውስጥ ያለ ይሁን፤ ተማሪውም ያየውን፣ የለካውንና የቈጠረውን በደብተሩ ይጻፍ፤ ከመጽሐፍ ግን አንድ ቃል አይቅዳ።

ወላጆችን በሰበሰብን ጊዜ ግን ሁሉ አልተቀበለውም። አንድ አባት ተነሥተው፣ «እኔ ልጄን ፊደል እንዲቈጥር እንጂ ዛፍ እንዲቈጥር አልላክሁትም። ለከርሞ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ሲመጣ የሚጠየቀው ከመጽሐፉ ነው» አሉ። የተናገሩት በከንቱ አልነበረም፤ በፈተና የወደቀ ልጅ ወዴት እንደሚመለስ ወላጅ ያውቃል። በዚህ ጊዜ የሥነ ሕይወት መምህሩ ብድግ ብለው ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ ነገሯቸው። ዶክተር አክሊሉ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ የቢልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ ሳለ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። በሽታው ወደ ሰው የሚደርሰው በቀንድ አውጣ በኩል ነውና፣ ከዚህ ተነሥተው እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ። ስለዚህም ሥራ እርሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

መምህሩም፣ «እናቶቻችን በእንዶድ ሲያጥቡ ስንት ሰው አይቷል? ከወንዙ ዳር ቆሞ የጠየቀው ግን አንድ ነው። እኛም ልጆቻችሁ እንዲጠይቁ ነው የምንወስዳቸው» ብለው ተቀመጡ። ያ አባት ወዲያው እሺ ባይሉም ልጃቸውን አልከለከሉም።

ኀሙስ የካቲት 7 ቀን 2011 ዓ.ም. ጧት ገና ውርጩ ሳይለቅ ተነሣን። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት የየካቲት ጧቷ ይቈረፍዳል። ተማሪዎቹ በሶና ቆሎ ሰንቀዋል፤ አንዱ ገመድ፣ አንዱ ሜትር፣ አንዱ ሁለት ቴርሞሜትር፣ አንዱም ክዳኑና ታቹ የተቈረጠ ባዶ የቲማቲም ጣሳ ይዟል። ሰው ሲያየን ወዴት ጉዳይ እንደምንሄድ ግራ ሳይገባው አልቀረም።

በመንገድም የታሪክ መምህሩ ከከተማይቱ ጥቂት ራቅ ብሎ ያለውን ጋፋትን በእጃቸው እያመለከቱ ትምህርታቸውን ጀመሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሠራተኞችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩበት፣ ሴባስቶፖል የተባለውም ታላቅ መድፍ የቀለጠበት ስፍራ ነው። መድፉም በብዙ ሰው ጒልበት ተጐትቶ መቅደላ ደረሰ፤ ንጉሡም በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በዚያው ዐረፉ። መምህሩ ይህን ከነገሩ በኋላ፣ «ብረትና ነሐስ ለማቅለጥ እሳት ያስፈልጋል፤ እሳቱስ ምን ይፈልጋል?» ብለው ጠየቁ። ተማሪዎቹ «ከሰል» አሉ። «ከሰሉስ?» ሲሏቸው ሁሉም ዝም ብሎ በዙሪያው ያለውን የተራቆተ ኰረብታ ተመለከተ። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ስለ ሆነ፣ ያን ጊዜ የነደደው እንጨት ሁሉ ከአገር በቀሉ ዛፍ የተገኘ መሆን እንዳለበት ልጆቹ ራሳቸው ደረሱበት።

ሁለት ሰዓት ያህል ተጕዘን ዐጸዱ ደረስን። በደጀ ሰላሙ ተሳልመን ስንገባ የደብሩ አስተዳዳሪ ተቀበሉን። ሽማግሌ ካህን ናቸው። ተማሪዎቹንም በመስቀላቸው ባርከው፣ «ልጆቼ፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። እዚህ የምታዩት ዛፍ ሁሉ የአባቶቻችሁ አደራ ነው። ዕዩ፣ ለኩ፣ ጠይቁ፤ ግን ቅጠል እንኳ አትቀንጥሱ» አሏቸው። እኛም በሕፃንነታችን ከየኔታ የሰማነው ይህንኑ ነበረና ልባችን ተነካ።

ከውጭ ወደ ውስጥ የገባ ሰው በመጀመሪያ የሚሰማው ቅዝቃዜው ነው፤ ቀጥሎም የወፉ ድምፅ። ዝግባው፣ ጥዱ፣ ወይራው፣ ጥቁር እንጨቱ፣ ኮሶው ላይ በላይ ተደራርቦ ቆሟል። ከላይ አንድ የጉሬዛ መንጋ ነጭ ጅራቱን አንዠርጎ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላል። የፊዚክስ መምህሩ ተማሪዎቹ የተሰማቸውን በቁጥር እንዲናገሩት አዘዙ። ሁለቱም ቴርሞሜትሮች ፀሐይ እንዳያገኛቸው ተደርጎ አንዱ ከዐጸዱ ውጭ፣ ሌላው በውስጥ ተሰቀሉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲታዩ የውጩ 23፣ የውስጡ 18 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። ዛፍ በቅጠሉ ውሃ እንደሚያተንና ውሃው ሲተን ሙቀት ይዞ እንደሚሄድ ያን ጊዜ ቢነገራቸው፣ በክፍል ውስጥ ሦስት ጊዜ ከተነገራቸው ይልቅ ገባቸው።

ሒሳቡ ቀጠለ። ከዐጸዱ ጠርዝ በገላጣ ስፍራ ለብቻው የቆመ አንድ ትልቅ ጥድ ነበረ። «ሳትወጡበት ቁመቱን ንገሩኝ» አሏቸው የሒሳብ መምህርቷ። ከጧቱ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ዱላ በምድር ላይ ቀጥ ተደርጎ ሲቆም ጥላው 80 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ በዚያው ቅጽበት የጥዱ ጥላ ሲለካ 20 ሜትር ሆነ። የዱላው ቁመት ለጥላው እንዳለው መጠን የዛፉም ቁመት ለጥላው እንዲሁ ነውና፣ 20ን ለ0.8 ሲያካፍሉት ጥዱ 25 ሜትር ሆኖ ተገኘ። የግንዱን ዙሪያ በገመድ ቢለኩት 2 ሜትር ከ51 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ ይህንንም ለ3.14 ሲያካፍሉት ውፍረቱ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በክፍል ውስጥ «ይህ ምን ይጠቅመናል?» ይሉ የነበሩ ልጆች ከየአቅጣጫው ዛፍ እየመረጡ እስኪከለከሉ ድረስ ይለኩ ጀመር።

የጂኦግራፊ መምህሩ ድርሻ ያቺ የቲማቲም ጣሳ ነበረች። ጣሳዋን በዐጸዱ መካከል በአፈሩ ላይ ጥቂት ሰክተው ግማሽ ሊትር ውሃ አፈሰሱባት፤ ውሃው ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሰረገ። ከዐጸዱ ውጭ ከብት በረገጠው ደረቅ መሬት ላይ ግን ሩብ ሰዓት ቆይቶ ገና አልጨረሰም ነበር። መምህሩም ወደ ጉና እየተመለከቱ፣ «ክረምት ሲመጣ በዚህ የወደቀው ውሃ ወደ ምድር ይገባና በምንጭ ይመለስልናል፤ በዚያ የወደቀው ግን አፈራችንን ጠርጎ በርብና በጉማራ ወደ ጣና ይወስደዋል» አሉ። ፎገራና ጣና እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለልጆቹ በካርታ ላይ ያሉ ስሞች ብቻ ነበሩ።

በዚህ ሁሉ መካከል ያ ባዶ ወረቀት የመለሰው ተማሪ መሪ ሆኖ ዋለ። የሥነ ሕይወት መምህሩ የማያውቁት ዛፍ ባጋጠማቸው ቍጥር «ና እስቲ» እያሉ ይጠሩታል። እርሱም ስሙን ይናገራል፤ አስተዳዳሪውም ካህን እውነት መሆኑን ይመሰክራሉ። ከሌላ ጊዜ ቀድመው እጃቸውን የሚያወጡት ተማሪዎች ያን ቀን የእርሱን ቃል በደብተራቸው ይጽፉ ነበር። ከቀትር በፊት ሠላሳ አንድ የዛፍና የቍጥቋጦ ስም ተመዘገበ።

ከቀትር በኋላ የተሠራው ሥራ ግን የቀኑን ደስታ ወደ ጭንቀት ለወጠው። ይህም የሥነ ሕይወት መምህሩ ጥያቄ ነበር። ጥያቄው «የእነዚህ ዛፎች ልጆች የት አሉ?» የሚል ነው። ተማሪዎቹ በገመድ ዐሥር ሜትር በዐሥር ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ለክተው በማዕዘኖቹ ድንጋይ አኖሩና በውስጡ የበቀለውን የዛፍ ችግኝ አንድ በአንድ ቈጠሩ። መጀመሪያ የተለካው ቤተ ክርስቲያኑን በቅርብ ከከበበው አጥር ውስጥ ሲሆን፣ በዚያ 61 ችግኝ ተገኘ። ሁለተኛው ከአጥሩ ውጭ፣ በሰፊው ዐጸድ ውስጥ፣ ከታላላቆቹ ዝግባዎችና ወይራዎች ሥር ነበረ። በዚያ የተገኘው ሦስት ብቻ ነው። ተሳስተን እንደ ሆነ ብለን ደገምነው፤ ሦስት ሆነ።

እንግዲህ አንባብያን ልብ ይበሉ። ይህ ደን ከሩቅ ሲታይ የሞላና ያማረ ነው፤ ውስጡ ግን ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበት፣ ሕፃን የማይለቀስበት ቤት ሆኗል። አንድ ዝግባ በዕድሜው ብዛት በወደቀ ጊዜ ቦታውን የሚይዝ ልጅ የለውም። ይህም በዚያች ደብር ብቻ የሚታይ አይደለም። የደን ሊቁ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የሃያ ስምንት አብያተ ክርስቲያናትን ደን አጥንተው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ 168 ዓይነት እንጨት ያለው ተክል መዝግበዋል። ይህ ታላቅ ሀብት ነው። ነገር ግን የብዙዎቹ አገር በቀል ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለረዥም ጊዜ ተቀብሮ እንደማይቆይ፣ ስለዚህም ዛፉ አንድ ጊዜ ከጠፋ ከመሬቱ ተመልሶ እንደማይበቅል፣ ከብት በተከለከለበት ቦታ ደግሞ ችግኙ በርክቶ እንደሚተርፍ በዚሁ ጥናታቸው አሳይተዋል። እርሳቸውና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ላውማን ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ሆነው በብዙ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ የደከሙት ስለዚህ ነው።

ተማሪዎቹ ግን ይህን ገና አልተነገራቸውም ነበር። መምህሩ «ምክንያቱን እናንተው ፈልጉ» ብለዋቸው ነበርና፣ አንዱ ዝናብ አንሶ ነው አለ፤ ሌላው ጉሬዛው በልቶት ነው አለ፤ ሦስተኛውም ጥላው በዝቶ ነው አለ። ጥላውም ጉሬዛውም ከአጥሩ ውስጥ እንዳለ ሲነገራቸው ጸጥ አሉ። በዚያን ጊዜ ያ ልጅ ከኋላ ተነሥቶ ቆመ። ፊቱ ተለዋውጧል።

«ከብት ነው» አለ። «የሚያስገባቸውም እኔ ነኝ። እኔም ሌሎቹም እረኞች። በበጋ ሌላ ሣር የለም።»

ከተማሪዎቹ መካከል ጥቂቶቹ ዐይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ፤ የእነርሱም ቤት ከብት በዚያው ይውላልና። አንዳንዶቹ ግን ሊሥቁበት ቃጡ። እኛም ልጁ ሲከበር ውሎ በመጨረሻ እንዳይዋረድ ፈርተን አንድ ነገር ልንናገር ስንል ካህኑ ቀደሙን። ወደ ልጁም ቀርበው እጃቸውን በትከሻው ላይ አኖሩና፣ «ልጄ፣ ያጠፋኸው አንተ አይደለህም። እኛ እስከ ዛሬ መጥረቢያ እንዳይገባ ስንጠብቅ ጥርስ መግባቱን አላሰብነውም» አሉት። ቀጥለውም ወደ እኛ መለስ ብለው፣ «መምህር፣ ይህ ልጅ ያለውን ለሰበካ ጉባኤው ይንገርልኝ፤ ከሽማግሌ አፍ ከሚሰሙት ከሕፃን አፍ ቢሰሙት ይሻላል» አሉን።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዛፉ ሥር ጉባኤ ሆነ። ተማሪው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቆሞ፣ 61ንና ሦስትን በትልቅ ወረቀት ላይ በችግኝ ሥዕል አሳይቶ፣ የለኩትን የውሃውንና የሙቀቱን ነገር ተናገረ። አባቱ ከሕዝቡ መካከል ነበሩ። ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም። አንድ ገበሬ፣ «በሬዬ በመጋቢት በምን ይክረም? በጾም አይከርም!» ባሉ ጊዜ ብዙ ሰው አጕረመረመ፤ እውነታቸውንም ነበር። ለዛፍ ብሎ በሬን የሚያስርብ ትምህርት ገበሬን አያሳምንም፤ ሊያሳምንም አይገባም። ከብዙ ክርክር በኋላ የተስማሙበት ነገር ይህ ነው፤ ከብት ወደ ዐጸዱ አይግባ፤ በገላጣው ስፍራ የሚበቅለው ሣር ግን ክረምቱ ሲወጣ በማጭድ እየታጨደ ድርሻ ድርሻው ለየቤቱ ይሰጥ፤ ከእርሻ የተለቀመው ድንጋይም ለካብ ይዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣ ሁሉ አንድ አንድ ድንጋይ ይዞ እንዲመጣ ተወሰነ።

ስብሰባው ሲበተን የልጁ አባት ወደ እኛ መጡ። «መምህር፣ ይህ ልጅ እንዲህ ይናገራል ብዬ አላሰብሁም» ካሉ በኋላ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ሄዱ። ለከርሞ ግን ልጁ በ8ኛ ክፍል ወንበሩ ላይ ነበረ።

እኛም ያን ድርሰት ዳግመኛ አጻፍናቸው። የልጁ ወረቀት ባዶ አልነበረም፤ ሁለት ገጽ ሞልቶ ነበር። የፊደል ስሕተት አልጠፋውም፤ ነገር ግን ጉሬዛ ከዝግባ ወደ ዝግባ ሲዘል ቅርንጫፉ እንዴት እንደሚመለስ የጻፈውን ያህል የጻፈ ሰው በክፍሉ አልነበረም። ቀዩን ቀለም ባነሣን ጊዜ የቀድሞው ዜሮ የማን እንደ ነበረ ገባን።

በ2014 ዓ.ም. ከጥምቀት በዓል በኋላ ወደዚያች ደብር ሄደን ነበር። ካቡ በሁለት ወገን አልቋል፤ በሦስተኛው ወገን ተጀምሯል። ያቺን ዐሥር በዐሥር የሆነች ቦታ በማዕዘኖቿ ድንጋይ ፈልገን አገኘናትና ቈጠርን። ሃያ ሦስት ችግኝ ነበረ። ከጒልበታችን የሚደርስ አንድ ጥቁር እንጨትም አየን። በጣም ብዙ አይደለም፤ ከሦስት ግን ይበልጣል።

ከዚያ ወዲህ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ጦርነት ተነሥቶ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ብዙ ልጆችም ከትምህርት ርቀው ቆዩ። ይህን ስናስብ ልባችን ያዝናል። ነገር ግን የትምህርት ቤት በር ሲዘጋ ልጁ የሚማርበት ነገር ሁሉ አብሮ እንደማይዘጋ ያ ቀን አስተምሮናልና፣ ለወላጆች ጥቂት ቃል ጨምረን እንሰናበታለን።

እሑድ ከቅዳሴ ስትወጡ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ቤት አትቸኵሉ። በዐጸዱ ውስጥ ጥቂት ቆዩና አንዱን ዛፍ በስሙ ንገሯቸው፤ የማታውቁት እንደ ሆነ አብራችሁ ሽማግሌ ጠይቁ። ጥላውን በዱላ ይለኩ፤ ከሥሩም ስንት ችግኝ እንዳለ ይቍጠሩ። ባለፈው ወር ከቈጠሩት ጋር ያስተያዩ። ያዩትንም በማታ ለአያታቸው ያንብቡ። በከተማ የምትኖሩም በደብራችሁ ቅጥር ያለው አንድ ጥድ ለዚህ ይበቃችኋል። ለመምህራን ባልደረቦቻችንም የምንለው ይህን ነው፤ ዛሬ መካከለኛ ደረጃ በሚባለው በ7ኛውና በ8ኛው ክፍል ያለ ልጅ ለመጠየቅ የደረሰ፣ ለማፈርም የደረሰ ነው። የሚያውቀውን አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ የማያውቀውን ያን ጊዜ ይቀበላችኋል።

አስተዳዳሪው ካህን በ2014 ዓ.ም. ስንሰናበታቸው እስከ ካቡ ድረስ ሸኙን። ካቡ ካላለቀበት ወገን ስንደርስ ጐንበስ ብለው አንድ ድንጋይ አነሡና በቦታው አኖሩ። እኛም አንድ አንሥተን ከጐኑ አኖርንና መንገዳችንን ቀጠልን።